የማይለቅ ቀይ

አባባ ኦይታ ጠዋት ግቢው ውስጥ ካለው ቧንቧ ፊታቸውን ሊታጠቡ ጎንበስ እንዳሉ የልጅ ልጃቸው የዮርዳኖስ ድምፅ በወጥ ቤቱ በር ወጣ። «እማ፣ የአባባ ኩባያ ለምን ክር ታሰረለት?» እናቷ አይዳ ሳህኖቹን መደርደር ቀጠለች። ሳህን ተንኳኳ። ልጅቷ ደገመችው። «ዝም በይና ዳቦሽን ብዪ» አለች አይዳ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። እንግዲህ ውጭ ላለ ሰው ጆሮ ከጩኸት ይልቅ ቶሎ የሚደርሰው እንዲህ ያለው ዝቅ ያለ ድምፅ ነው። ሽማግሌው በእፍኛቸው የያዙት ውሃ በጣቶቻቸው መሀል ፈስሶ አለቀ። ሌላ ቀዱ፣ ታጠቡ፣ ምንም እንዳልሰማ ሰው ፊታቸውን በፎጣ አበሱ።

ክሩን እሳቸውም አይተውታል። የቤቱ ኩባያዎች ሁሉ አንድ ዓይነት ናቸው፤ ከሲቀላ ገበያ በአንድ ቀን የተገዙ፣ ነጭ፣ አፋቸው ላይ ሰማያዊ መስመር ያለባቸው። መደርደሪያው ላይ ተደፍተው ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። የእሳቸው ብቻ ከሰሞኑ ብቻዋን ወደ ወጥ ቤቱ መስኮት ደፍ ሄዳለች፣ ጆሮዋ ላይ ቀይ ክር ዙሪያውን ተጠምጥሞባት። ክሩ ደግሞ የራሳቸው ነው፤ ከሽመና ቅርጫታቸው የተወሰደ፣ ለጋቢ ጥለት ያስቀመጡት ደህናው ቀይ። እሳቸውን ከሌላው ለመለየት የራሳቸውን ክር መዋሱ፣ እውነት ለመናገር፣ መጀመሪያ ሳቅም አምጥቶባቸው ነበር። «ቋጠሮው ግን የሸማኔ አይደለም» አሉ በልባቸው። ኋላ ነው ሳቁ የጠፋው።

የነገሩ መነሻ ሳላቸው ነው። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ልጃቸው በርናባስ ከደጋው ከጨንቻ አውርዶ ሴቻ ሰፈር እሱ ቤት አምጥቷቸዋል። ቤቱ ጠባብ ቢሆንም ጥሩ ቤት ነው። ቀን ቀን ማንጎው ጥላ ሥር ድራቸውን ዘርግተው ይሸምናሉ፤ ማታ ከዮርዳኖስ ጋር በትንሿ ክፍል ይተኛሉ፣ እሷ በአንዱ ግድግዳ ሥር፣ እሳቸው በሌላው። የክፍሏን መስኮት ከፍቶ የሚይዘው ሽቦ ተበጥሷል። ከሐይቁ የሚመጣው ነፋስ መዝጊያውን እያማታ አላስተኛ ስላለ፣ ለትንኙም ይሻላል ተብሎ፣ ሁልጊዜ ዝግ ነው። ዝናቡ ካበቃ በኋላ የያዛቸው ሳል ግን በዚያች ዝግ ክፍል ውስጥ ሌሊት ሌሊት እየበረታ መጣ። ያን ጊዜ ነው ኩባያዋ የሄደችው።

ኩባያዋስ ትሂድ። የከበዳቸው ሌላ ነው። ዮርዳኖስ ትምህርት ቤት ስትሄድ ሁልጊዜ በሩ ላይ ጭንቅላቷን ትሰጣቸው ነበር። እጃቸውን ጭነው «እንትፍ እንትፍ፣ እደጊ፣ ጌታ ይባርክሽ፣ እንደ ጥጥ ብዢ» ይሏታል፤ እሷም «አባባ ረጠብኩ!» ብላ እየሳቀች ትሮጣለች። አሁን ልክ በዚያች ሰዓት አይዳ ከውስጥ «ዮርዲ፣ ጫማሽ!» ትላለች። ወይም «ዮርዲ፣ ውሃሽን ረሳሽ!» ትላለች። ዛሬም እንዲሁ ሆነ። ልጅቷ በሌላው በር ወጥታ ሄደች፤ የሽማግሌው እጅ ግማሽ መንገድ ላይ ቆሞ ቀረ። በርናባስም ያያል፣ ግን እራት ላይ ስልኩን ይነካካል። አንድ ምሽት ለእህቱ ለአገኘሽ ደውሎ «ጨንቻ ያለው ቤት ጣራው ደህና ነው?» ሲል ሰምተውታል። ሌላ አልተናገረም፣ አላስፈለገምም። ከዚያች ምሽት ወዲህ አባባ ኦይታ ቆርጠዋል፦ ያ የሚፈራው የሳንባ በሽታ ከሆነ፣ ልጃቸው «ሂድ» የሚለውን ቃል ከአፉ ሳያወጣ በራሳቸው እግር ጨንቻ ይወጣሉ። ካልሆነ ደግሞ ያቺን ክር በራሳቸው እጅ ይፈቷታል።

«ሲቀላ ወርጄ ክር ልግዛ» ብለው ወጡ። ኪሳቸው ውስጥ ትናንት ከጤና ጣቢያው የሰጧቸው ክዳን ያላት ትንሽ ዕቃ አለች። ባጃጁ ላይ ከዳር ተቀመጡ። «አባባ፣ ወደ መሀል ይጠጉ፣ ይወድቃሉ» አለ ሾፌሩ። «ነፋስ ፈልጌ ነው።» «ነፋሱማ በነጻ ነው፣ ታሪፉ ነው የጨመረው!» ከኋላ የሙዝ ዘለላ ያቀፈች ሴት ሳቀች፤ ስለ ነዳጅ፣ ስለ ሙዙ ዋጋ፣ ከኩልፎ ወንዝ ዳር ሙዝ ጭኖ መምጣት ስንት እንደሚያስወጣ እስከ ታች ድረስ አወራች። አባባ ኦይታ ፊታቸውን ወደ ውጭ አዙረው ከቁልቁለቱ ሥር የተኙትን ሁለቱን ሐይቆች ያዩ ነበር፤ አባያ እንደ ልማዱ ቀላ ብሎ፣ ጫሞ ሰማያዊ ሆኖ። ሳል ሲመጣባቸው አፋቸውን በክንዳቸው ይዘው ዋጡት።

ጤና ጣቢያው ውስጥ የላቦራቶሪው ክፍል ወደ በረንዳው የሚከፈት ሰፊ መስኮት አለው። መስኮቱ ላይ የሚቀመጠው ልጅ ኤፍሬም ይባላል። ከደሴ ለትምህርት መጥቶ እዚሁ ሥራ ይዞ የቀረ ነው፤ አፉን በማስክ ሸፍኖም ዓይኑ ይስቃል። «አባባ ኦይታ! ደህና አደሩ? የትናንቱን አይቼዋለሁ፣ ምንም አልታየበትም» አላቸው። «የዛሬውን ይስጡኝ። እሱም እንደዚያ ከሆነ በጊዜ ወደ ቤትዎ ይሄዳሉ።»

ምንም አልታየበትም። እንዴት ደስ የሚል ቃል ነው! ሽማግሌው እጃቸውን ኪሳቸው ከተቱ፣ ዕቃዋን ጨበጡ፣ ግን አላወጧትም። አያችሁ፣ ትናንት «ከደረትዎ ስለው አክታውን እዚህ ላይ ያድርጉ» ተብለዋል፤ በደንብ ገብቷቸዋል። ነገር ግን የእሳቸው አፍ ስንቱን ልጅ የመረቀ፣ ስንቱን ጠበኛ ያስታረቀ አፍ ነው። በእሳቸው አገር ከሽማግሌ አፍ ወጥቶ ወደ ሰው ልጅ የሚሄድ ነገር ንጹሕ መሆን አለበት። አንድ ወጣት እጁን ዘርግቶ ሲጠብቅ እንዴት አድርገው ያንን ነገር እጁ ላይ ያኖራሉ? ስለዚህ ወደ ቧንቧው ሄደው፣ ተጉመጥምጠው፣ ሕፃን እንደሚመርቁ እንትፍ እንትፍ ብለውባት ነበር የሰጡት። ዛሬም ቤት ውስጥ እንዲሁ አድርገዋታል። ዕቃዋ ውስጥ ያለው እንደ ዝናብ ውሃ የጠራ ምራቅ ነው። አሁን ይህን ሰጥተው «ምንም አልታየም» ተብለው ቤት መግባት ይችላሉ። ክሯ ትፈታለች፣ ጨንቻ የሚባል ነገር ይቀራል። እንዲህ እያሰቡ ሳለ ግን ዮርዳኖስ ሌሊት አፏን ከፍታ ስትተኛ ታየቻቸው፣ በዚያች ዝግ ክፍል፣ ከእሳቸው ማዶ።

«ልጄ፣ ይሄን አትየው» አሉ። «ይሄም እንደ ትናንቱ ነው። ንጹሑን ነው የሰጠሁህ።»

«እንዴት ንጹሑን?»

«ታጥቤ። አንተም የሰው ልጅ ነህ፤ ቆሻሻዬን እጅህ ላይ ላድርግ?»

ኤፍሬም ሳቀ። «አባባ፣ እኔ ደመወዝ የሚከፈለኝ እኮ ለቆሻሻው ነው! ንጹሑን ቤት ሆነው ልጅ ይመርቁበት። እኔን መርዳት ከፈለጉ ከታች፣ ከደረትዎ ያምጡልኝ።» አዲስ ዕቃ ሰጣቸውና ከሕንፃው ኋላ፣ ሰው ወደሌለበት ወደ ኒም ዛፉ ጠቆማቸው። እዚያ ሄደው ፊታቸውን ወደ ተራራው አዙረው፣ እንባቸው እስኪመጣ ሳሉ። ሲመለሱ ዕቃዋን ክዳኗን ገጥመው፣ በላይዋ ደግሞ የኒም ቅጠል አልብሰዋት ነበር። «ክዳን አላት እኮ አባባ» አለ ኤፍሬም። «ይሁን፣ እፍረትም ክዳን ይፈልጋል» አሉት።

ከመስኮቱ ፊት ለፊት ካለው አግዳሚ ላይ ተቀመጡና የልጁን እጅ ይመለከቱ ጀመር። ሥራ የሚወድ ሰው የሌላውን ሰው ሥራ ማየት ደስ ይለዋል። ኤፍሬም ከአክታው በቀጭን እንጨት ነክቶ አንዲት ጣት የምታህል መስታወት ላይ ቀባ። አደረቀው። ኩራዝ በመሰለች የአልኮል እሳት ላይ ሦስቴ አሳለፈው። ከዚያ ከጠርሙስ ቀይ ቀለም አፈሰሰበትና ከሥር በእሳቷ አሞቀው፤ ቀለሙ እንፋሎት እስኪያወጣ፣ ሳይፈላ። አባባ ኦይታ ከአግዳሚው ተነሥተው ወደ መስኮቱ ተጠጉ።

«ትኩስ ታደርገዋለህ?»

«እንዲገባበት ነው አባባ። ቀዝቃዛ ቀለም ላይ ላዩን ነው የሚቀረው።»

«እሱማ አዎ። እኛ ደግሞ ቀይ ክር ከገበያ ስንገዛ ቆርጠን ሎሚ እንጨምቅበታለን፤ ውሸታሙን ለማወቅ። ውሸታም ቀይ ሎሚ ሲነካው ይለቃል፣ ጋቢውን በሙሉ ያበላሻል። እውነተኛው ምንም አይለው።»

ኤፍሬም ጠርሙሱን እንደያዘ ዘወር አለ። «የእኔም እንደዚሁ ነው በሉኛ! አሁን አሲድ ላፈስበት ነው። እዚህ መስታወት ላይ ያለው ሌላው ነገር ሁሉ ቀዩን ይለቃል። የቲቢው ተባይ ግን ሰም የመሰለ ነገር ለብሷል፤ አንዴ ቀይ ከጠጣ አይለቅም። ከዚያ ሰማያዊ እደርብበታለሁ። የለቀቀው ሁሉ ሰማያዊ ይሆናል።»

«ያልለቀቀውስ?»

«ቀይ ሆኖ ይቀራላ።»

አሲዱ ሲፈስስ ቀዩ እየተጠረገ ወደ ገንዳው ወረደ። ዕድሜያቸውን ሙሉ የማይለቅ ቀይ ሲፈልጉ የኖሩት ሸማኔ፣ ያን ጊዜ፣ በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ፣ አንድ ቀይ ሙልጭ ብሎ እንዲለቅ ተመኙ። ሰማያዊው ተደረበ፤ ታጠበ፤ መስታወቷ እንድትደርቅ ተደገፈች። ኤፍሬም ማይክሮስኮፑን ሊያበራ ሲል መብራት ጠፋ። በረንዳው ላይ ያለው ወረፋ በሙሉ «ኤጭ!» አለ። «ግድ የለም» አለ ኤፍሬም፤ ከቁም ሳጥን ውስጥ ሌላ ማይክሮስኮፕ አወጣ፣ ቀለሙ የተላጠ፣ ከሥሩ ብርሃን የሚያንጸባርቅ ክብ መስተዋት ያለበት። «ይቺ አሮጊት የመብራት ኃይልን አታውቅም፣ ፀሐይ ይበቃታል» ብሎ መስኮቱ ደፍ ላይ አስቀመጣት። መስተዋቱን ወደ ሰማይ አዘነበለ፣ አክታ በተቀባባት ቀጭን መስታወት ላይ አንዲት ጠብታ ዘይት ጣል አደረገ፣ ጎንበስ ብሎ ዓይኑን አስጠጋ።

ጣቱ ብቻ መስታወቷን በቀስታ ወደ ጎን ይገፋል፣ የተበጠሰ ድር እንደሚፈልግ ሸማኔ፣ ከዳር እስከ ዳር። አባባ ኦይታ ያንን ፍለጋ ያውቁታል። ድሩ ደህና ከሆነ እጅ አይቆምም። የኤፍሬም እጅ አንድ ቦታ ላይ ቆመ። ጥቂት ወደ ኋላ ተመለሰ። እንደገና ቆመ።

«አለ?» አሉ ሽማግሌው።

ኤፍሬም ቀና አለ። «አለ፣ አባባ። ብዙ አይደለም፤ ግን አለ።»

ጨንቻ ያለው ቤታቸው ታያቸው፤ ብርዱ፣ ጠዋት ጠዋት ከእንሰቱ ላይ የሚወርደው ጭጋግ፣ ማንም የማያነድደው ምድጃ። ሳይቆጡ፣ ሳያለቅሱ «ልይ?» አሉ። ልጁ አመነታ፤ ወዲያው ግን «ኑ፣ ይዩት። ይሄኛው ሞቷል፣ አይነክስም» ብሎ ቦታውን ለቀቀላቸው።

መጀመሪያ ያዩት ጥቁር ቁጥቋጦ ነበር። «ይሄ ሁሉ ደረቴ ውስጥ ነው?» ብለው ደነገጡ። «የራስዎ ሽፋሽፍት ነው፣ ትንሽ ራቅ ይበሉ» አላቸው። ራቅ አሉ። ከዚያ ሰማያዊው ተከፈተ፤ ሰፊ፣ ንጹሕ፣ ጠዋት ከሴቻ ላይ እንዳዩት ጫሞ ያለ። በላዩ ላይ እዚህም እዚያም፣ ከመቀስ ሥር የወደቀ ብናኝ የምታህል፣ ጎበጥ ያለች ቀይ ክር። አንዲት። እዚያ ደግሞ ሁለት ተያይዘው። ለካ ይህ ነው! ሌሊት ሌሊት ቤቱን የሚያናውጥ፣ ልጅን ከአያት፣ ኩባያን ከኩባያ የሚለይ ነገር ይህች ናት? ከቤት የሚበልጥ አውሬ መስሏቸው ነበር። አይተውት ስለማያውቁ ነው የፈሩት። «ቀለሙስ ጥሩ ነው» አሉ ዓይናቸውን ሳያነሡ። «የት ነው የምትገዛው?» ኤፍሬም እንዳይስቅ ማስኩን በእጁ ያዘ።

የመድኃኒቱን ክፍል የያዘችው ዕድላዊት የምትባል ወጣት ነርስ ናት። ማስክ ሰጠቻቸውና ቀስ ብላ አስረዳቻቸው፦ መድኃኒቱ በነጻ ነው፣ ስድስት ወር ይወሰዳል፣ አይቋረጥም፤ በደንብ ከወሰዱ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ወደ ሌላ ሰው ማስተላለፉ ይቆማል፤ ቤት ያለው ሰው ሁሉ ደግሞ መጥቶ ይመርመር። «አንተ ልጅ፣ ጌታ ይባርክህ» አሏት። «አባባ፣ ሴት ነኝ እኮ!» «እሱንማ አያለሁ፤ አማርኛዬ ነው የማያይ» አሏት፤ ቤት የሚነጋገሩት በአገራቸው ቋንቋ ነው። እሷ ስቃ ስትጨርስ፣ በልባቸው ይዘውት የመጡትን አወጡት። «ኩባያዬን ለይተዋል። ደግ አድርገዋል፣ አይደል?»

«በኩባያ?» አለች ዕድላዊት። «በኩባያ አይተላለፍም አባባ። በትንፋሽ ነው፤ ሲስሉ፣ የታፈነ ቤት ውስጥ። የሚተኙበት ክፍል መስኮት አለው?»

«አለው» አሉ። ማስኩን አስተካከሉ። «ዝግ ነው።»

«እንግዲህ እሱን ነው መክፈት። ማታ አጎበር ውስጥ ይተኛሉ። ልጅ አብሮዎት አይተኛ ለጊዜው። ደግሞ መድኃኒቱን በየቀኑ ሲውጡ የሚያይ አንድ የቤት ሰው ያስፈልገናል። ማን እንበል?» ሽማግሌው መሬት መሬቱን አዩ። በርናባስ ጠዋት ወጥቶ ማታ ነው የሚገባው። «ሰው አለኝ» አሉ፣ ማን እንደሆነ ግን እሳቸውም አያውቁም።

ከሰዓት በኋላ ሴቻ ሲደርሱ አይዳ ከምታስተምርበት መዋዕለ ሕፃናት ተመልሳ፣ ግቢው ውስጥ ከጫሞ የመጣ አሣ ትገለፍፍ ነበር። ዮርዳኖስ ጎረቤት ትጫወታለች። አባባ ኦይታ ራቅ ብለው ድራቸው አጠገብ ተቀመጡ። ባጃጅ ላይ ሆነው ያሰናዱት ንግግር «ነገ ጨንቻ ልወጣ ነው» የሚል ነበር። አፋቸውን ሲከፍቱ ግን የወጣው ሌላ ነው።

«አይዳ፣ የትንሿን ክፍል መስኮት እንክፈተው።»

ቢላዋው ቆመ። አይዳ ያደረጉትን ማስክ አየች። ሁሉንም ነገሯት፤ ንጹሑን መስጠታቸውን፣ ቀዩን፣ ሰማያዊውን፣ ኩባያዋ ምንም እንደማታደርግ፣ ትንፋሹ ግን እንደሚያደርግ። የአሣ ቅርፊት የተለጣጠፈበትን እጇን በቀሚሷ ላይ ጠረገች፣ እንደገና ጠረገች። ቆይታ «ወንድሜ ካሱ…» አለች። አባባ ኦይታ ካሱ የሚባል ወንድም እንደነበራት አልሰሙም። «እኔ የዮርዲን ያህል ነበርኩ። ይስል ነበር። እማዬ ኩባያውን ክር አሰረችበት፤ ቀይ። ሳህኑን ለየች፣ ጋቢውን ለየች። ሁሉን ነገር ለይተን ነበር አባባ። ሁሉን። ካሱ ሞተ፤ ከዚያ እማዬም ሳል ያዛት። አንዲት ነገር ረስተን ነው እያልኩ ስንት ዓመት ሳስብ ኖርኩ።»

«ቤታችሁ መስኮት ነበረው?»

«የቀርከሃ ቤት መስኮት የት አለው?»

ማንጎው ላይ ወፎች ይጨቃጨቃሉ፤ የጎረቤት ሬዲዮ መዝሙር ያሰማል። አይዳ ተነሥታ እጇን በሳሙና ታጠበች፣ ወጥ ቤት ገባች፣ ኩባያዋን ይዛ ወጣች። ክሩን ልትፈታ ሞከረች፤ ቋጠሮው ጠብቆ እምቢ አላት። «አምጪው፣ ቋጠሮሽ መጥፎ ነው» አሉ ሽማግሌው፤ ተቀብለው በአንድ ጉተታ ፈቱት። ኩባያዋን መለሱላት። ክሩ እጃቸው ላይ ቀረ።

በርናባስ ማምሻውን ሲገባ የዮርዳኖስ ፍራሽ ወደ እነሱ ክፍል ሄዶ፣ አባቱ ደግሞ በትንሿ ክፍል ውስጥ ከመስኮቱ ጋር ሲታገሉ አገኛቸው። ነገሩን ከሚስቱ ሰማ። በሩ ላይ ቆሞ «እኔ እኮ ለአገኘሽ ደውዬ፣ ጨንቻ አየሩም ጥሩ ስለሆነ…» ብሎ ጀመረ።

«አባባ የትም አይሄዱም» አለች አይዳ። «መድኃኒታቸውን ሲወስዱ የሚያይ ሰው ይፈልጋሉ። እኔ ነኝ። አንተ አጎበሩን ስቀል። ነገ ሁላችንም እንመረመራለን።»

በርናባስ አጎበሩን አነሣ። ከዚያ ጫማውን አውልቆ ወንበር ላይ ወጣ። ከወንበሩ ላይ ሆኖ፣ ፊቱን ወደ ጣራው አድርጎ፣ «አባዬ፣ ይቅር በለኝ» አለ። «ምስማሩን ጠበቅ አድርገው» አሉት አባቱ።

መስኮቱ ግን አልቆምም አለ። ገፋ ሲያደርጉት ከሐይቁ የሚመጣው የምሽት ነፋስ መልሶ ያማታዋል። አባባ ኦይታ ቀይዋን ክር አነሡ። ብቻዋን አትችልም፤ ስለዚህ ከቅርጫታቸው እህቶቿን ጨመሩላት፣ አጠፏት፣ ጭናቸው ላይ አሽከረከሩና እንደ ገመድ ፈተሏት። አንዱን ጫፍ መዝጊያው ላይ፣ ሌላውን ውጭ ግድግዳው ላይ ካለው ምስማር ጋር በሸማኔ ቋጠሮ አሰሩት። ነፋሱ መጣ። መዝጊያው ሳበ፣ ተወጠረ፣ ክሩ ያዘው። የሙዝና የሐይቅ ሽታ ያለበት አየር ወደ ክፍሉ ገባ።

ዮርዳኖስ ከጨዋታ ስትመለስ በውጭ በኩል ከመስኮቱ ሥር ቆመች። ከውስጥ አያቷ ማስካቸውን እንዳደረጉ እጃቸውን በአየር ላይ ዘርግተው፣ እሷ ካለችበት ርቀው፣ «እደጊ፣ እንደ ጥጥ ብዢ» አሏት። «አልረጠብኩም!» ብላ ቅር አላት። «እንትፉ ተቀምጦልሻል፤ መድኃኒቱ ሲሠራ ትወስጂዋለሽ» አሏት። ልጅቷ አሰበችበት፤ ተስማማች። ከዚያ ዓይኗ መዝጊያው ላይ ሄደ።

«እማ፣ መስኮቱ ለምን ክር ታሰረለት?»

አይዳ ከወጥ ቤት ወጣች። አራቱ ኩባያዎች ትሪው ላይ ናቸው፣ ጎን ለጎን፤ የትኛዋ የማን እንደሆነች አይታወቅም። ትሪውን አስቀምጣ ከልጇ አጠገብ ተንበረከከች።

«ነይ፣ ልንገርሽ» አለቻት።